አራተኛው ቦታ የማን ነው?

ሰው ስለ እኔ ሲያወራ «የሺመቤት ቂም አትረሳም» ይላል። ዙሪክ አጠገብ ሽሊረን ባለችው ትንሿ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤያችን ይህን ፊት ለፊት የነገሩኝ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ስማቸውን አልጽፍም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ። ያሉት ውሸት አይደለም። ይህን የምጽፈውም ተለውጬ መልአክ ሆንኩ ለማለት አይደለም። አርባ ዓመት ሙሉ ይዤው የዞርኩት አንድ ጥያቄ ነበር፤ አንድ ቅዳሜ ጄኔቫ ላይ ተመለሰልኝ። መልሱ ግን እኔ ባዘጋጀሁለት ቦታ አልገባ አለ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስልሳ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። በሥራ ቀን ክሎተን ውስጥ ቢሮ አጸዳለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች የበረዶ ሆኪ ጨዋታ መዝጋቢ ነበርኩ። አትሳቁ። በረዶ ላይ ቆሜ አላውቅም፤ ግን ማን አገባ፣ ማን ተቀጣ፣ በረኛዋ ስንት ኳስ አዳነች የሚለውን እኔ ነኝ የምጽፈው። ኳስ የምለው እንኳ ኳስ አይደለም፤ ጥቁር ድፍን ጎማ ነው። ሥራው የተጀመረው የመጫወቻ አዳራሹን በማጸዳበት ጊዜ ነው። አንድ ቀን መዝጋቢው ቀረ፤ ዳኛዋ «ብዕር የሚይዝ ሰው የለም?» ብላ ስትጮህ መወልወያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ «እኔ እይዛለሁ» አልኩ። በዚያው ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እዚህ አገር ፌራይን የሚሉት የማኅበር ሥራ እንዲህ ነው፤ ያለ ክፍያ ይሠራል፣ እምቢ ያላለ ሰው ሳያስበው ኮሚቴ ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። እኔም ገባሁ፤ የአምስት ሰው ኮሚቴ፣ ጸሐፊዋ እኔ።

የኮሚቴው ዋና ሥራ በዓመት አንድ ቀን ነው። በሊጉ አሥር ቡድኖች አሉ፤ አምስቱ ጀርመንኛ ከሚነገርበት ወገን፣ አምስቱ ፈረንሳይኛ ከሚነገርበት። ለዋንጫው ውድድር የሚገቡት አራት ብቻ ናቸው። የየምድቡ አንደኛ በቀጥታ ያልፋል። የቀሩትን ሁለት ቦታዎች ግን ኮሚቴው ነው የሚሰጠው፣ ተወያይቶ፣ በድምፅ። በየዓመቱ የሚያኳርፈው ይህ ነው።

አሁን ስለ ልጄ። ማህሌት የዙሪክ ተማሪዎች ቡድን በረኛ ናት። ያደገችው አዳራሹን ጠርጌ እስክጨርስ በረዶው ላይ እየተንሸራተተች ነው። ተማሪዎቹ ሊግ ውስጥ በገባች ቀን ኩሽናችን ውስጥ ቁጭ አድርጌ አንድ ሕግ አወጣሁላት፤ አዳራሹ ውስጥ እኔ መዝጋቢ ነኝ፣ አንቺ ሠላሳ አንድ ቁጥር ነሽ፣ ማሚ ብለሽ እንዳትጠሪኝ። ነገ አንድ ሰው ተነስቶ ለልጇ ያልዳነ ኳስ ዳነ ብላ ትጽፋለች እንዲል አልፈለግሁም። ሰውን አውቀዋለሁ። እሺ አለች። አምስት ዓመት ሙሉ በጠረጴዛዬ ፊት ስታልፍ በጭንቅላቷ ብቻ ሰላም ትለኝ ነበር።

ኮሚቴውም አላወቀም። ይህ ለስዊሶች እንቆቅልሽ ነው፣ ለእናንተ ግን ምንም አይደለም። እዚህ አገር ቤተሰብ የሚታወቀው በመጨረሻው ስም ነው። እኔ ወረቀቴ ላይ የአባቴን ስም ይዤ «ፍራው ዘለቀ» ነኝ፣ ወይዘሮ ዘለቀ እንደ ማለት፤ እንደዚያ በጠሩኝ ቁጥር አባቴ ከነጺሙ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል። እሷ በአባቷ ማህሌት ተካልኝ ናት። አንድ ጊዜ ከኮሚቴው አንዱ «የዙሪኳ በረኛ ያገርሽ ልጅ ናት እንዴ?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። ሌላ አልጠየቀም፣ እኔም ሌላ አልጨመርኩም።

በዚያ ዓመት ሦስተኛው ቦታ ያለ ክርክር ለበርን ልጆች ሄደ። አራተኛው በዙሪክና በጄኔቫ መካከል ቀረ። ዙሪኮች ብዙ ጨዋታ አሸንፈዋል፤ ምድባቸው ግን ደካማ ነው። ጄኔቫዎች ብዙ ተሸንፈዋል፤ ግን የተጋጠሙት ከጠንካሮች ነው፣ አንደኛዋንም አንድ ጊዜ ጥለዋታል። እርስ በርስ የተገናኙት አንዴ ነው፣ ጄኔቫ በአንድ ግብ አሸነፈች። ያን ቀን ማህሌት ፈተና ነበረባት፣ አልተሰለፈችም። ይህ ነገር ሆዷን ይበላት ነበር። የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ ከተመረቀች በኋላ በተማሪ ሊግ መጫወት የለም። አንድም ጊዜ የዋንጫው ውድድር ላይ አልቆመችም። እንግዲህ የነበረው ነገር ይህ ነው፤ በዚያ ቅዳሜ ካልሆነ በቃ፣ መቼም አይሆንም።

የኮሚቴያችን ሊቀ መንበር ሬጉላ የምትባል ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። «አራተኛው በምን መንገድ ይመረጥ? እያንዳንዳችሁ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ኑ» የሚል ደብዳቤ ላከች። ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት፣ ጄኔቫ። እኔም ጻፍኩ። ስጽፍ ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። መራጭ በዝግ በር ውስጥ ምን እንደሚያስብ ሊነግረኝ የሚችል፣ በሕይወት ያለ አንድ የማውቀው ሰው ነበር፤ እሱም ጄኔቫ ነው። አቶ ጌታሁን። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። ይህ ግን የራሴ ገጽ ነው፣ አንተ ብዬ እጽፈዋለሁ።

በደርግ ጊዜ በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ነበርኩ፣ የመረብ ኳስ ቡድኑ አምበል። መረባችን በሲባጎ የተጠገነ ነበር፤ ሜዳውን ራሳችን ነበርን ውኃ እየረጨን አቧራውን የምናስተኛው። በዚያ ዓመት የክፍለ ሀገራችንን ኮሌጆች በሙሉ አሸነፍን። አዲስ አበባ ለሚደረገው የኮሌጆች ሻምፒዮና አንድ የቀረች ቦታ ነበረች፤ ሦስት ሰዎች ይመርጣሉ፣ አንዱ ወጣቱ የስፖርት ኃላፊ ጌታሁን ነው። መጥቶ ሲያየን እጁን አፉ ላይ ጭኖ ነበር፣ በተለይ የቡድናችን ልጅ ብርሃኔ ስትዘል። ሻንጣችንን አዘጋጅተን፣ ላዩ ላይ ተቀምጠን አውቶቡስ ስንጠብቅ ዳይሬክተሩ ቴሌግራም ይዞ ወጣ። አልተመረጥንም። ከእኛ የተሸነፈ ቡድን ሄደ። በዓመቱ ብርሃኔ ጌታሁንን አገባች። ሠርጉ ላይ አልተገኘሁም። ቡድናችንን ቀብራ ባል አገኘች ብዬ ነበር ያሰብኩት፤ ያሰብኩትንም ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ። እነሱ ለዓለም አቀፍ ድርጅት ሥራ ጄኔቫ ገቡ፣ እኔም በራሴ መንገድ ዙሪክ ደረስኩ። ለቅሶና ሠርግ ላይ ስንገናኝ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ።

ሐሙስ ቀን ስልኩን አንስቼ ደወልኩ። ብርሃኔ ናት ያነሳችው።

«የሺመቤት ነኝ» አልኩ።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም። ቅዳሜ ጄኔቫ የሆኪ ስብሰባ አለኝ።»

«የምን?»

አስረዳኋት። ሳቋን ለመያዝ ሞከረች፣ አልቻለችም። «እንግዲያው ምሳ ከእኛ ትበያለሽ» አለች።

ዓርብ ማታ ማህሌት ጠረጴዛው ላይ ቦርሳዬን ስታይ «ማሚ፣ ነገ ገንፍ ትሄጃለሽ፣ ኦደር?» አለች። ጄኔቫን እንደ ጀርመንኛው ነው የምትጠራት፤ «ኦደር» ደግሞ «አይደል?» ማለቷ ነው።

«እሄዳለሁ።»

«እሺ» አለች። ስለ ቡድኑ አንድ ቃል አልወጣትም። ሕጉ የኔ ነው፣ እሷ ደግሞ ሕግ ታከብራለች። ጠዋት ስነሳ ሳንድዊች ሠርታ በፎይል ጠቅልላ ጫማዬ አጠገብ አስቀምጣለች።

ከዙሪክ ጄኔቫ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ ነው። ባቡሩ ውስጥ የጻፍኩትን ገጽ አወጣሁና ደጋግሜ አነበብኩት። ረክቼበት ነበር። በተለይ አንድ መስመር፤ «አንድ ቡድን ዋናዋ በረኛ ሳትኖር የተጫወተው ጨዋታ እንደ ሌላው እኩል አይመዘን» የሚል። ለሁሉም የሚሠራ ፍትሐዊ ሐሳብ ነው ብዬ አመንኩበት።

ብርሃኔ በሩን የከፈተችው በከዘራ ተደግፋ ነው። ያቺ ከሁላችን በላይ የምትዘለው ብርሃኔ።

«አሁንም ደረጃ ሁለት ሁለቱን ነው የምትወጪው? ከታች ጀምሮ ሰማሁሽ» አለች።

«ሊፍቱ ቆሟል።»

«ሊፍቱማ ከእኛ ጋር አርጅቷል። ግቢ።»

አቶ ጌታሁን ሶፋው ላይ ነበር። ቀኝ ጆሮው አይሰማም፤ ሰው ሲያናግረው አንገቱን እንደ ወፍ ያዘነብላል። ብርሃኔ ፓስታ አቀረበች። ለተወሰነ ጊዜ ስለ ጉልበቷና ስለ ጄኔቫ ቤት ኪራይ ተወራ። እኔ እንዴት እንደምጀምር ሳስብ እሱ ጀመረው።

«እስቲ ንገሪኝ፣ እዚህ በምንድን ነው የሚመርጡት?»

ነገርኩት። ደስ እያለው ሲመጣ ታየኝ። ትርፍ ሹካዎቹን ሰብስቦ በአንድ ወገን፣ ማንኪያዎቹን በሌላ ወገን ደረደረ። «ይሄ የዙሪክ ምድብ፣ ይሄ የጄኔቫ። ታዲያ የተጋጣሚን ጥንካሬ በምን ይለካሉ?»

«ሎዛን ያለ አንድ የሒሳብ ተማሪ ቀመር ሠርቶልናል። ለተጋጣሚ ጥንካሬ ብዙ ክብደት ከሰጡት ጄኔቫ ትቀድማለች፣ ትንሽ ከሰጡት ዙሪክ።»

«ክብደቱን ማን ይወስናል?»

«ኮሚቴው።»

«መቼ?»

«ውጤቱ ካለቀ በኋላ።»

የያዛትን ሹካ አስቀመጣት። «እንግዲያው ቀመሩ ምን ያደርግላችኋል? ያው ሰው ነው የሚመርጠው፣ ካልኩሌተር ይዞ።»

እንዲህ በእርጋታ ሲናገር አላስቻለኝም። «እርስዎማ ካልኩሌተርም አላስፈለገዎትም» አልኩ።

ብርሃኔ «የሺ» አለች፣ በማስጠንቀቅ ዓይነት።

«ተያት» አላት። ወደ እኔ ዞረ። «ምሳ ብለሽ እንዳልመጣሽ አውቃለሁ። ጠይቂ።»

«ለምን ጣሉን?»

አንገቱን አዘነበለ፤ የሰማ አልመሰለኝም፣ ልደግመው ስል መናገር ጀመረ።

«ሦስት ነበርን። አንዱ እናንተን አለ፣ አንዱ ሌሎቹን አለ። እኔ ቀረሁ።»

«ይህን አውቃለሁ። አለቃዎ የዚያኛው ኮሌጅ ሰው ስለነበር ነው።»

«አለቃዬማ ቡድኖቹ የት እንደነበሩም አላወቀም» አለ። «የሺ፣ በዚያ ወር ብርሃኔ ቤት ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ ‹እናስብበት፣ ቀጠሮ እንሰጣለን› ብለው መልሰዋቸዋል። ቀጠሮው አልደረሰም። ለእናንተ ድምፅ ብሰጥ፣ ነገ ነገሩ ሲወጣ ለእጮኛው ነው ይባላል። በዚህ ድምፅ መስጠት አይገባኝም ብዬ ብወጣ፣ ለምን ይሉኛል። ምክንያቱን ብናገር የሰው ልጅ ስም አነሳሁ ማለት ነው፤ አባቷ እምቢ ቢሉስ? ትንሽ ከተማ ናት፣ ተጠይቃ የቀረች ተብላ ትኖራለች። ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ለሌሎቹ ሰጠሁ። ንጹሕ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።»

የጠበቅሁት ጉቦ ነበር። ወይም የአለቃ ትእዛዝ። አርባ ዓመት ሙሉ የተዘጋጀሁት ለዚያ መልስ ነበር፣ የምመልስለትንም ስድብ ጭምር። እጄ ላይ የቀረው ነገር ምን እንደሆነ አላወቅሁም።

ብርሃኔ ግን ሹካዋን ሳህኑ ላይ አጋድማ አስቀመጠች። ያኔ ነው ፊቷን ያየሁት። አታውቅም ነበር።

«ድምፁ ያንተ ነበር?» አለችው።

«አዎ።»

«‹አብላጫው ነው የወሰነው› ነበር ያልከኝ።»

«አብላጫው ሁለት ሰው ነው። ሁለተኛው እኔ ነኝ።»

«ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ዓይኔ እስኪያብጥ ያለቀስኩት በእኔው ምክንያት ነዋ።» ከዘራዋን ፈለገች፣ አገኘችው፣ ግን አልተነሳችም። «አርባ ዓመት ፓስታ ቀቀልኩልህ።»

«ጥሩ ነው የምትቀቅዪው» አለ በዝግታ።

«ዝም በል።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ደግሞ አውቃ ነው ብለሽ ነው ሠርጌን የቀረሽው?»

ሳህኔን አየሁ።

«እኔኮ ለትዳር ብዬ የኮሌጅ ትምህርቴን ስላቋረጥኩ ንቀሽኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «እስከ ዛሬ።»

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ለሁለት ሰው አንድ ቂም ነበር የያዝኩት፤ ግማሹ የተቀመጠው በማይገባት ሰው ላይ ነው። ስወጣ በሩ ላይ አቅፌያታለሁ፣ እጄ ግን እንጨት ነበር። እሱን በእጅ ብቻ ተሰናበትኩት። «ዛሬ ከሚመረጡት ውስጥ የምታውቂያት አለች?» አለኝ። ጆሮው ባይሰማም ዓይኑ ደህና ነው። «ልጄ ናት» አልኩት። «ኮሚቴው አያውቅም።» ራሱን ነቀነቀ።

ትራሙ ውስጥ ገጼን አወጣሁ። ያቺን የበረኛዋን መስመር አየኋት። ከዚያ በፊት ለሁሉም የሚሠራ ሕግ ነበረች፤ አሁን ሳያት ሠላሳ አንድ ቁጥር ለብሳለች። ሰረዝኳት። አንድ ፌርማታ አልፎ ደግሞ ራሴን ጠየቅሁ፤ ትክክል ስላልሆነች ነው የሰረዝኳት ወይስ ንጹሕ ለመምሰል? እሱስ ያደረገው ይህንኑ አይደል? መልሼ ጻፍኳት። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ እንደገና ሰረዝኳት። ወረቀቱ ተቀደደ። ሐሳቧ ትክክል ልትሆን ትችላለች፣ ላትሆንም ትችላለች፤ ያን ለማወቅ የማልችለው ብቸኛ ሰው እኔ ነበርኩ።

ስብሰባው ከበረዶው አዳራሽ በላይ ባለች ክፍል ነበር። ሬጉላ፣ የጄኔቫው ኦሊቪዬ፣ ሌሎች ሁለት አባላት። ሬጉላ አጀንዳውን ሳታነብ እጄን አወጣሁ።

«ከመጀመራችን በፊት የምለው አለ። የዙሪክ በረኛ ልጄ ናት።»

ሬጉላ መዝገቧን ገለበጠች፣ ስሙን ፈለገች። «ተካልኝ?»

«የአባቷ ስም ነው። እኔ በአባቴ ነው የምጠራው። በእኛ አገር እንደዚያ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ልጅሽ የሆነችው?» አለ ኦሊቪዬ፣ ግራ ገብቶት።

«ከተወለደች ጀምሮ።»

አንዱ ሳቀ። ሬጉላ አልሳቀችም። «ፍራው ዘለቀ፣ አምስት ዓመት ቅጾቿን ስትጽፊ ነበር።»

«ቅጾቹን መርምሩ። ሁሉም አሉ። ሳትድን ዳነች ብዬ የጻፍኳት አንድ ኳስ ብታገኙ ቅጡኝ።»

ኦሊቪዬ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። ቀይ ሰው ነው፣ ጭራሽ ቀላ። «የጄኔቫ አምበል የክርስትና ልጄ ናት» አለ። «እኔም መናገር ነበረብኝ።»

ሬጉላ መነጽሯን አውልቃ መጥረግ ጀመረች። «እኔ ዘንድሮ ማንም የለኝም» አለች። «የዛሬ ሦስት ዓመት ግን ነበረኝ።» ማን እንደነበራት አልጠየቅናትም።

እኔና ኦሊቪዬ ከክፍሉ እንድንወጣ ተስማማን። «የጻፍኩትን ሳላነብ?» አልኩ።

«ስለ ሁለቱ ቡድኖች ከሆነ አይሆንም። ስለ አሠራሩ ከሆነ አንብቢ» አለች ሬጉላ።

አነበብኩ። የተጋጣሚ ጥንካሬ ምን ያህል እንደሚመዘን የመጀመሪያው ጨዋታ ሳይጀመር ይጻፍ፣ ለሁሉም ቡድን ይላክ፣ በመሃል አይነካ። መራጭ የሆነ ሰው ማን እንደሚዛመደው በዓመቱ መጀመሪያ ጮክ ብሎ ይናገር፤ ስሙ አያሳብቀውምና። የተሰረዘችው ቦታ ላይ ስደርስ ዘለልኳት። «እዚህ አንድ መስመር ተቀዷል» አለች ሬጉላ ወረቀቱን ስትቀበለኝ። «አዎ» አልኩ።

እኔና ኦሊቪዬ ወጣን፤ ከታች በረዶው ላይ ሕፃናት ወንበር እየገፉ መንሸራተት ይማሩ ነበር። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከማህሌት ሳንድዊች ግማሹን ሰጠሁት።

«ልጅሽ ጎበዝ ናት» አለ እየበላ። «ያን ቀን ኖራ ቢሆን አናሸንፍም ነበር።»

«ፈተና ነበረባት።»

«አውቃለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።» ትንሽ ቆይቶ «ይህን ውስጥ ገብቼ ልንገራቸው?» አለ።

ይህን ጥያቄ አስቡት። «አዎ» ብለው ኖሮ ይነሳ ነበር። ቀና ሰው ነው። አንዷ ሕፃን ወድቃ ወንበሯን ስትጠብቅ እያየሁ «እኛ ወጥተናል» አልኩት። ሁለታችንም ተቀምጠን ቀረን።

አርባ ደቂቃ ያህል ቆየ። ሬጉላ በሩን ከፍታ በእጇ ጠራችን። ሁለት ለአንድ፤ ጄኔቫ። ምክንያቱን አስረዳች፣ የተጋጣሚ ጥንካሬና የእርስ በርሱ ጨዋታ ነው አለች። ቃለ ጉባኤው ላይ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ጻፍኩት፤ «አራተኛ፦ ጄኔቫ»። ጽሑፉ የእኔ አይመስልም።

ባቡር ጣቢያው ውስጥ ቆሜ ደወልኩላት።

«ጄኔቫ ነው» አልኳት።

ትንፋሿን ሰማሁት። «ኦኬ።» አለች። «ስንት ለስንት?»

«ሁለት ለአንድ። እኔ ድምፅ አልሰጠሁም። ወጥቼ ነበር።»

«ለምን ወጣሽ?»

«ልጄ ናት ብዬ ነገርኳቸው።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። አልተቋረጠም።

«ለሁሉም?» አለች።

«ለሁሉም። ለሬጉላም፣ ለሌሎቹም።»

«ልጄ ናት ብለሽ?»

«እንደዚያው።»

እያለቀሰች ነበር። በቡድኑ ምክንያት መሰለኝ፣ «አይዞሽ» አልኩ፣ «እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ፣ ወጥቼ አንድ ድምፅ አሳጣሁሽ» አልኩ። «አይደለም ማሚ» አለች በዚያ በተሰበረ አማርኛዋ። «እኔ አስቤ ነበር፣ አንቺ በእኔ ታፍሪያለሽ። ሁሉም ልጅ እናቷ መጥታ ትጮኻለች። አንቺ እዛው ቁጭ ብለሽ አታይኝም። አምስት ዓመት አስቤ ነበር።»

ባቡሩ መጣ፣ ሰው ገባ፣ ሄደ። እኔ ቆሜ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ ሁለት ዓይነት መልስ አለኝ። ስለ ሆኪው ከሆነ፣ ሬጉላ ወረቀቴን ለሊጉ አቀረበችው፤ የተጋጣሚ ጥንካሬ ክብደት አሁን ከወቅቱ በፊት ይጻፋል፣ በረኛ ሳትኖር የተደረገ ጨዋታም እንዴት እንደሚታይ ከእኛ ውጭ የሆኑ ሰዎች እየተነጋገሩበት ነው። ፍጹም የሚሆን አይመስለኝም። ቀመር ዘመድ የለውም፣ ቀመሩን የሚሠራው ሰው ግን አለው። ቢያንስ ዘመዱን አስቀድሞ ይንገረን። እናንተም በዕድር፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በሥራ ቦታ መራጭ የምትሆኑ ካላችሁ፣ ለራሳችሁ ሰው ማድላት አንድ በደል ነው፤ እንዳታደሉ ለመታየት የራሳችሁን ሰው መጣልም ሌላ በደል ነው። ሁለተኛው የሚያስመሰግን መሆኑ ነው የሚከፋው።

ስለ ቀረው ከሆነ፣ አቶ ጌታሁንን ይቅር አላልኩትም። ፈርቶ ነበር፣ ገብቶኛል፤ የፈራው ግን እሱ፣ ሻንጣ ላይ የቀረነው እኛ። ሆኖም ሲጠየቅ አልዋሸኝም፣ ሚስቱ ፊት። ይህን ቆጥሬለታለሁ። ብርሃኔን በደብዳቤ ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ስለ እሷ ያወራሁላቸውንም ሰዎች በስም ጠቅሼ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች። በሦስተኛው ጥሪ አነሳለሁ፤ በመጀመሪያው የማነሳ እንዳይመስላት።

የዋንጫው ውድድር ዙሪክ ላይ ነበር። መዝጋቢዋ እኔ ነኝ። ጄኔቫዎች የመጀመሪያውን ጨዋታ ስድስት ለአንድ ተሸነፉ። ደስ አላለኝም ብዬ አልዋሽም። ያው ጨዋታ ገና ሊጀመር ሲል ማህሌት በተራ ልብስ፣ ቴርሞስ ይዛ መጣችና ከጠረጴዛው ጀርባ፣ ከእኔ ወንበር አጠገብ ተቀመጠች። እዚያ የሚቀመጠው የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ዳኛዋ እየተንሸራተተች መጥታ በመስታወቱ ላይ ጎንበስ አለች።

«ይህችስ ማን ናት?»

«ልጄ ናት» አልኳት።

«እሺ» አለችና ጨዋታውን ለመጀመር ሄደች።